ሙና ያረፈችበት አድማ

ቲቸር ወንድምአገኘሁ የፊዚክስ ፈተናውን እያደለ ከዊዳድ ወንበር ሲደርስ ቆመ። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። በእጁ የተረፈችውን ወረቀት አየት አድርጎ፣ «ሙናስ?» አለ።

«ከኮምቦልቻ መኪና የለማ ቲቸር፤ አድማ ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠው ሱሀይብ። ሌላ ልጅ ደግሞ እኛም አድማ እንምታና ፈተናው ይቅር ሲል ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ አለ፤ ወረቀቷን ግን አልከተታትም። ወደ ዊዳድ ዞሮ፣ «ደውላልሻለች እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

ዊዳድ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነካካች። ሙናን ያገኘቻት ገና ትናንት ነው፤ ያውም እዚሁ ደሴ። ፒያሳ ተቀምጠው፣ አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት እስፕሪስ ይዘው፣ አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ነበር ያመሹት።

«አልደወለችልኝም» አለች።

ይህ ሐሰት አልነበረም። ፊት ለፊት የተገናኙ ሰዎች ምን ብለው ይደዋወላሉ? ለራሷ እንዲህ አለችና አንገቷን ደፍታ ስሟን መጻፍ ጀመረች።

ቲቸር ወንድምአገኘሁ ከክፍሉ ልጆች መካከል ከኮምቦልቻ የምትመላለሰው ሙና ብቻ መሆኗን ያውቃል። ጥፋቱ የእሷ ስላልሆነ ሐሙስ ጠዋት ለብቻዋ እንደሚፈትናት ተናገረ። ከሐሙስ ካለፈ ግን ውጤቱን ስለሚያስረክብ ምንም ሊያደርግላት እንደማይችል ጨመረ። «ካገኘሻት ንገሪያት» አላት ዊዳድን፤ ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ፈተናውን አስጀመረ።

አድማው የተጀመረው ከአንድ ቀን በፊት፣ ሰኞ ዕለት ነው። የኮምቦልቻ ሚኒባሶች የሚጭኑበት ቦታ ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ሜዳው ጥላ የለው፣ መጸዳጃ የለው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ሾፌሮቹ ሲያመለክቱ ከርመው መልስ ሲያጡ ጊዜ መኪኖቻቸውን አቆሙ። ከእነዚያ ሾፌሮች አንዱ የዊዳድ አባት ኑርሁሴን ነው።

እውነቱን ለመናገር ዊዳድ አድማውን ወዳዋለች። አባቷ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወጥቶ ከዒሻ በኋላ የሚገባ ሰው ነበር። በሥራ ቀን ፊቱን በፀሐይ ብርሃን አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል። አሁን ግን ቤት ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ሲንሲያጠጥ የኖረውን በር አስተካከለ። ምሳ እኔ እሠራለሁ ብሎ ሽሮውን አሳረረው፤ ሁሉም እየሳቁ በሉት። ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጦ ከጎረቤት ሰዎች ጋር በቆርኪ ዳማ ተጫወተና ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በደስታ ገባ። እናቷ ሰብሪያ፣ ይህ ሰውዬ ሁለት ቀን ከሰነበተ ቤቴን ፈታትቶ እንደገና ይገጣጥመዋል፣ ቶሎ አስታርቁልኝ እያለች ለጎረቤቶቿ ታወራ ነበር። ድምፅዋ ግን የተማረረ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ በእግሩ ትምህርት ቤት ያደርሳት ጀመር። ዳገቱ መሀል ላይ ቆም ይልና ወገቡን ይዞ ይተነፍሳል።

«ደሴ ዳገት መሆኗን ገና አሁን ማወቄ ነው» አላት አንዴ። «እስከ ዛሬ የምትደክመው መኪናዋ ነበረቻ።»

መንገድ ላይ ያገኙት ሰው ሁሉ ስለ አድማው የሚለው አያጣም። ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ትንሽ ይርዘምልን አለች፤ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዓይኑ ዕቃ ላይ ያርፋል፣ በመኪና ሲያልፍ ግን አንገቱን እንኳ አያዞርም። ፀጉር አስተካካዩ ጥያቄያችሁስ ልክ ነው፣ ግን ሚስቴ ኮምቦልቻ እናቷ ጋ እንደሄደች ቀረች ብሎ አማረረና ወዲያው ከት ብሎ ሳቀ፤ እምብዛም የተከፋ አይመስልም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እኛ እስከ ቢስቲማ ገበያ በእግራችን ነበር የምንሄደው፣ የዛሬ ልጆች መራመድን እንደ ቅጣት ታዩታላችሁ አሉ። ኑርሁሴን ከማንም ጋር አይከራከርም። ሰላምታውን መልሶ፣ አላህ መልካሙን ያምጣ ብሎ ያልፋል።

ሚኒባሱን ያቆማት ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ነው። መንገደኛው ሁሉ ያያታል፤ አንዳንዱ ተናዶ ጎማዋን በእግሩ ይመታታል። ዊዳድ ለምን ግቢ ውስጥ እንደማያስገባት ጠይቃው ነበር።

«አድማ የመታ ሰው መኪናውን አይደብቅም» አላት። «ከደበቅሁማ ሥራ ጠልቼ የተኛሁ ነው የምመስለው።»

ሙና የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባቷ የደሴው ትምህርት ቤት ይሻላታል ብሎ ካስመዘገባት ወዲህ በየቀኑ የምትመላለሰው በኑርሁሴን መኪና ነው። ገና ሳይነጋ ትነሣለች፤ ጋቢና ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ተኝታ ትወጣዋለች። ኑርሁሴን ስለ እሷ ሲያወራ የኛዋ ሙና ነው የሚላት። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለዘመድ ኒካሕ ደሴ መጥታ ፒያሳ አክስቷ ቤት አደረች። ሰኞ አድማው ሲጀመር እዚያው ነበረች። ወላጆቿ አድማው እስኪያልቅ ከአክስትሽ ቤት እየተነሣሽ ተማሪ አሏት። ከፒያሳ እስከ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በእግር ቅርብ ነው።

ሙና ግን አልሄደችም። ሰኞ ዕለት እንቅልፍ ጣላትና አረፈደች። በማግሥቱም አልተነሣችም። ለአክስቷ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ተማሪዎች እንዳይመጡ ተፈቅዶላቸዋል አለቻት። ትምህርት ቤት ደግሞ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ኮምቦልቻ ቀርታለች ብሎ አመነ። በሁለቱ መካከል ሙና ፎረፈች።

ማክሰኞ ከፈተናው በኋላ ዊዳድ ወደ ፒያሳ አቀናች። የሙና አክስት መዲና ከአባቷ የወረሰችው የሻሽና የሽቶ ሱቅ አላት፤ ቤታቸው ከሱቁ በላይ ነው። ሙና በረንዳው ላይ ወፍራም ጋቢ ተከናንባ፣ ስልኳን ከአበባ ማሰሮ አስደግፋ ፊልም ታያለች። ዊዳድን ስታይ ፊቷ በራ፤ አጠገቧ አስቀምጣ ከጋቢው ግማሹን አለበሰቻት።

«እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ» አለቻት። «ወላሂ ዊዱ፣ እስከ ሦስት ሰዓት መተኛት እንዲህ የሚጣፍጥ አይመስለኝም ነበር። ስነቃ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ማንም አይጠራኝም።»

ዊዳድ ሳቀች። ገብቷታል። ሙና ክፍል ውስጥ ዓይኗ እየተከደነ ስትታገል ስንቴ በክርኗ ቀስቅሳታለች። በበጋው ብርድ ኮምቦልቻን በስስ ሹራብ ለቅቃ ደሴ ስትደርስ እጇ ደንዝዞ እስክሪብቶ መያዝ ያቅታት ነበር።

«ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው እንዴ የሚደክማቸው?» አለች ሙና። «አድማው ለኔም ነው።»

ዊዳድ ሐሙስ ለብቻዋ እንደምትፈተን ነገረቻት። ሙና አልደነገጠችም። ጠዋት ብቅ ብዬ የጭነት መኪና አግኝቼ መጣሁ እላለሁ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ምን ምን ወጣ?» ስትል ጠየቀች።

ዊዳድ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ሙና አንድ ሁለቱን ብቻ ብላ ትከሻዋን ነቀነቀቻት። ዊዳድም ዳገት ላይ ስለቆመች መኪና የሚጠይቀውን ነገረቻት፤ ቀጥላ ስለ ፍጥነቱ፣ ቀጥላ ደግሞ የመጨረሻውን። ስትጨርስ ነገሩ ከአንድ ሁለት ማለፉን አወቀች። ወደ ቤቷ ስትመለስ እስፕሪስ እንኳ አላማራትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባቷ ሊወስዳት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲጠብቃት ቲቸር ወንድምአገኘሁም አብሯት ወጣ። ሰፈሩ ከእነሱ ሰፈር በታች ስለሆነ ሦስቱም አብረው ቁልቁል ወረዱ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ሜዳው፣ ስለ ጭቃው፣ መልስ ሳያገኝ ስለቀረው ማመልከቻ አወሩ። መምህሩ እኔም በናንተ ቦታ ብሆን አቆም ነበር አለ። ኑርሁሴን ደስ ብሎት አመሰገነው።

«አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል» አለ ቲቸር ወንድምአገኘሁ። «ከተማሪዎቼ አንዷ ኮምቦልቻ ቀርታ ፈተና አመለጣት። ነገ ጠዋት ካልደረሰች ውጤቷ ዜሮ ሆኖ ነው የሚገባው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ታሳዝነኛለች።»

ኑርሁሴን እርምጃውን ገታ አደረገ። «ማን ናት?»

«ሙና። የዊዳድ ጓደኛ።»

«የኛዋ ሙና» አለ ኑርሁሴን። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ዊዳድ ሁለት ጊዜ አፏን ልትከፍት ፈልጋ ሁለት ጊዜ መልሳ ዘጋችው። መምህሩ ከመታጠፊያው ሲለያቸው ከአባቷ ጋር ብቻዋን ነበረች፤ ያኔም አልተናገረችም።

ኑርሁሴን ለዐሥር ሶላት መስጊድ ሄዶ ሲመለስ ሚስባህን ይዞት መጣ። ሚስባህም የኮምቦልቻ መስመር ሾፌር ነው። መኪና መንዳት የተማሩት አንድ ላይ ነው፤ አድማውን እንዲያስተባብርም ሾፌሮቹ የመረጡት እሱን ነው። ሰብሪያ ሻይ አቀረበችላቸው። ዊዳድ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች።

አባቷ ነገሩን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ነገ ንጋት ላይ ኮምቦልቻ ወርጄ አንዲት ተማሪ አመጣለሁ፣ ሌላ ተሳፋሪ አልጭንም፣ ከማንም ምንም አልቀበልም አለ። ሚስባህ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የልጅቷ ነገር አንጀቱን እንደበላው፣ ግን ነገ አንዱ ለተማሪ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ለሙሽራ ከወጣ አድማ የሚባል ነገር እንደማይኖር አስረዳው። በሌላ መኪና ትምጣ አለው። ኑርሁሴን ሴት ልጅ ብቻዋን በጨለማ የጭነት መኪና ላይ አላሳፍርም ብሎ መለሰለት።

«ኑርሁሴን» አለ ሚስባህ፣ ቀስ ብሎ። «አንተ ከወጣህ እኔ ማንን አትውጣ እላለሁ?»

«ደብቄህ አልወጣም። ነግሬህ ነው የምወጣው።»

«ነግረኸኝ መውጣትህ ለኔ ምን ይጠቅመኛል?»

ሚስባህ ተነሣ። ለሰብሪያ አላህ ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። ሻዩን አልነካውም። ሰብሪያ ብርጭቆውን አንሥታ ለጥቂት ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየችና ወደ ጓዳ ገባች። በእነዚያ ሁለት ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ዊዳድ አይታ አታውቅም ነበር።

አባቷ ወደ ሚኒባሷ ሄዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ዘይቱን ለካ፣ ጎማዎቹን እየዞረ በእግሩ ሞከረ። ዳማ አብሯቸው የሚጫወት አንድ ጎረቤት ሲያልፍ የተከፈተውን ክዳን አየና ሰላም ሳይል ቀጥ ብሎ ሄደ። ኑርሁሴን አየው፤ ምንም አላለም።

«ዊዳድ» ሲል ጠራት። «ለሙና ደውዪላት። ነገ ከሱብሒ በኋላ ሁልጊዜ የምትጠብቀኝ ቦታ ትጠብቀኝ። ደግሞ...» ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በእኛ ምክንያት ነው ፈተናው ያለፈሽ፣ አባ አውፍ በይኝ ብሏል በያት።»

ዊዳድ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ሙና ወዲያው አነሣች፤ ዊዳድም የአባቷንና የሚስባህን ነገር፣ የተላከላትንም ይቅርታ ነገረቻት። መጀመሪያ ነገሩ አሳቃት፤ የዊዳድን ድምፅ ስትሰማ ግን ሳቋ ቆመ።

«እሺ፣ አታካብጂው» አለች። «አጎቷ በመኪናው ያመጣታል በይው። አለቀ። እሱም አይወጣም፣ ከጓደኛውም አይጣላም።»

«ተጣልተዋል እኮ።»

«ይታረቃሉ። አንድ ቃል ናት ዊዱ። ማንን ትጎዳለች?»

ዊዳድ መልሼ እደውልልሻለሁ ብላ ዘጋችው። ሙና ያለችው እውነት ነበር፤ አንድ ቃል ናት። አጎቷ ያመጣታል ስትለው አባቷ አልሀምዱሊላህ ብሎ የሞተሩን ክዳን ይዘጋል፤ ሚኒባሷ ከቆመችበት አትነቃነቅም። ነገ ደግሞ ሙናን ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያገኛት ይቅርታ ይጠይቃታል። አባቷ እንደዚያ ነው፤ አደርጋለሁ ያለውን ሳያደርግ አይተኛም። በልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ሙና ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ሙናም አንገቷን ደፍታ ምንም አይደል ጋሼ ስትል ታያት። እሷስ ያኔ የት ነው የምትቆመው? ወዴት ታያለች?

ተነሥታ ወደ ፊት ለፊት ወጣች። አባቷ የፊት መስታወቱን ይወለውላል።

«ደወልሽላት?»

«አባ፣ ሙና ኮምቦልቻ አይደለችም» አለች። «ፒያሳ ናት። አክስቷ ቤት።»

ኑርሁሴን ጨርቁ መስታወቱ ላይ እንዳለ ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅዳሜ።»

«አንቺስ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከሰኞ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። ከዚያ የቀረውንም ነገረችው፤ ስለ እንቅልፉ፣ ሐሙስ ሙና ልትል ስላሰበችው፣ ስለ አጎትየው። ስለ ፈተናው ጥያቄዎች ግን አልነገረችውም።

አባቷ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። የሞተሩን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋው፣ ጨርቁን አጣጥፎ ከመቀመጫው ሥር አስቀመጠው፣ ከዚያ የሚኒባሷ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው አልሽኝ?» አላት።

«እስከ ሦስት።»

«ሱብሓነላህ» አለ። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ መጣና ጠፋ። «እኔ ደግሞ በዳገቱ ላይ ዓይኔን እንዳልከድን ስታገል እሷ አጠገቤ ተኝታ አያታለሁ። አንዳንዴ እቀናባታለሁ።»

ተነሥቶ ወደ ቤት ገባና ሰብሪያን ሻይ በፔርሙዝ እንድትሞላለት ለመናት። ሚስባህ ጋ ልሂድ፣ አድማ ሰባሪ አድርጎ ሳይቆጥረኝ አለ። ሊወጣ ሲል ዊዳድ ለቲቸር ይናገር እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ ምን አገባኝ?» አላት። «እሷ አፍ አላት።» በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አያት፤ ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏት ጠበቀች። ፔርሙዙን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ።

ዊዳድ ለሙና ደወለችላትና እውነቱን ለአባቷ እንደነገረችው ነገረቻት። ሙና «ሸጥሽኝ» አለችና ዘጋችው። ዊዳድ ሁለት ጊዜ መልሳ ደወለች፤ አልተነሣም።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ አባቷ ከሚስባህ ጋር ተመለሰ። ከሩቅ ነው ሳቃቸው የተሰማው። ሚስባህ ሰብሪያን፣ ያን ያስቀመጥኩትን ሻይ አምጪ፣ ሒሳብ አለብኝ አላት። ደግሞ ወሬ ይዞ መጥቷል፤ ስለ ሜዳው እንነጋገር ተብለው ለዓርብ ተጠርተዋል። ሰብሪያ እፎይ ብላ ራት አቀረበች። ዊዳድ ከእነሱ ጋር ተቀምጣ በላች፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አባትና ልጅ እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ወጡ። ብርዱ ጠንክሯል፤ የጦሳ ተራራ ጫፍ በጉም ተሸፍኗል። ኑርሁሴን ያለ ዕረፍት ዳገቱን መጨረሱን እየኮራ ነገራት። ከትምህርት ቤቱ በር ጎን ካለው ድንጋይ ላይ ሙና ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከትታ ተቀምጣ ነበር። ሲደርሱ ተነሣች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ኑርሁሴን» አለች፤ ቀና ብላ አላየችውም። «አውፍ ይበሉኝ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አውፍ ብያለሁ» አላት። «ለመሆኑ እንቅልፉን ጠገብሽው?»

ሙና ሳታስበው ፈገግ አለች። «አልጠገብኩም።»

«እኔም» አለ ኑርሁሴን። ጋቢናው ያንቺ ነው፣ ሥራ ስንጀምር ቦታሽን ያዢ አላት። የዊዳድን ራስ ዳበስ አድርጎ፣ ቁልቁል ሲሄድ ከቲማቲም ሻጯ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ተሰማቸው።

ሁለቱ ልጆች ግቢውን አቋርጠው ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ። መጀመሪያ የተናገረችው ሙና ናት። ትናንት በጣም ተናድጄብሽ ነበር አለች፤ ከዚያ አልጋ ላይ ስትገላበጥ የጋሽ ኑርሁሴን ይቅርታ ጠይቂልኝ ማለት ከጭንቅላቷ አልወጣ አለ። ጠዋት ለአክስቷ እውነቱን ነግራት፣ አክስቷም ቁጣዋን ጨርሳ ዳቦ በሻይ አብልታ ልካታለች።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሙና ቆመች። «አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» አለቻት። «የነገርሽኝን ጥያቄ አላነሣም። አብሽሪ፣ ስምሽን አልጠራም።»

ዊዳድ ራሷን ነቀነቀችና ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በተከፈተው በር ቲቸር ወንድምአገኘሁ ይታያታል። ሙናን ሲያይ ከልቡ ደስ ብሎት ከወንበሩ ተነሣ።

«መጣሽ! ጎበዝ» አላት። «ፈተናሽን አዘጋጅቼልሻለሁ። በምን መጣሽ?»

ሙና ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራለች፤ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ሲጨባበጡ ዊዳድ ታያቸዋለች። መምህሩ ከመሳቢያው ወረቀቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ያችው የማክሰኞዋ ወረቀት ናት።

«ቲቸር፣ እኔ ሰኞም ማክሰኞም እዚሁ ነበርኩ» አለች ሙና። «ደሴ።»

ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ዳገት ላይ የቆመችው መኪናም፣ ፍጥነቱም፣ የመጨረሻውም ጥያቄ እዚያ ላይ ነው። ዊዳድ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ ትታ ተነሣች። በሩን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ገብታ ከሙና አጠገብ ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔም የምነግርዎት አለኝ» አለች።